ያልተከፈተው ትምህርት

አዋላጅ ነርሷ አጎቷን ያገኘቻቸው ሳታስበው፣ በጤና ቢሮው ደረጃ ላይ ነው። እሷ ከሩቅ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ልትረከብ መጥታለች፤ እሳቸው የቢሮው ካሜራማን ናቸውና ትሪፖዳቸውን ተሸክመው ይወርዳሉ።

«የእህቴ ልጅ! ስለ ወላድ ደም ማቆሚያው ፊኛ የቀረጽኩትን የቪዲዮ ትምህርት እንዴት አገኛችሁት?»

ሦስት ሳምንት የያዘችው ንዴት ገነፈለ።

«መች አየነውና፣ ጋሼ! በከፈትነው ቁጥር ስልኩ ላይ የመጠበቂያዋ ክብ ብቻ ትዞራለች። ፊኛው ከነካርቶኑ ተቀምጦ፣ አጠቃቀሙን የሚያውቅ ጠፍቶ፣ አንዲት ወላድ ደሟ እየፈሰሰ በመኪና ወደ ሆስፒታል ተጫነች።»

«ኔትወርካችሁ ነዋ! እኔ ፋይል አሳንሼ ሥራዬን አላቀጥንም። አንድ ጊዜ የተጨመቀ ቪዲዮዬን አሳይተውኝ የሰው ፊት ጭቃ መስሎ አየሁት።»

«እሱ እኮ አምስት ሰው በስልክ ሲቀባበለው የተጨመቀው እንደገና ሲጨመቅ ነው። ከዋናው አንዴ ቢጨመቅ እንዲያ አይሆንም።»

«አሳንስ ሲሉኝ የፋይሉን ስም መጨረሻ ቀይሬያለሁ።»

«ካርቶኑ ላይ ሌላ ስም መጻፍ ዕቃውን ያቀለዋል እንዴ? ክብደቱን የሚወስነው ኮዴኩ ነው፤ ምስሉ የሚጻፍበት ዘዴ።»

አጎትየው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ያመኑበትን ነገር በበሬ ቢስቧቸው አይለቁም። እሷም የዋዛ አይደለችም። እየጎተተች ወደ ሥራ ክፍላቸው አስገባቻቸውና ኮምፒውተሩ ላይ ቪዲዮውን ከፈተች።

«ይሄ ከኋላ ያለው ግድግዳ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተንቀሳቅሷል?»

«በኔ ትሪፖድ? ንቅንቅ አይልም።»

«ታዲያ በሰከንድ ሠላሳ ጊዜ ለምን እንደ አዲስ ይጻፋል? ጥሩ ኮዴክ ግድግዳውን አንዴ ይጽፍና ከዚያ የተንቀሳቀሰውን እጅ ብቻ ይከታተላል። ሳይበላሽ እንዲያንስ የሚያደርገው የእርስዎ ጥንቃቄ ነው።»

እሷ በአሮጌ ስልክም የሚከፈተውን ኮዴክ መርጣ በሦስት መጠን አዘጋጀችው፤ ኔትወርኩ ሲደክም ስልኩ ራሱ ወደ ትንሹ እንዲወርድ። ዐሥራ ሁለት ጊጋባይት ከነበረው ቪዲዮ ትንሹ ቅጂ አርባ አምስት ሜጋባይት ሆነ። አጎትየው መነጽራቸውን አድርገው በስልኳ አዩት። የጓንቱ እጥፋት ሳይቀር ይታያል።

«ስምንት ወር ሙሉ ይህን የሚነግረኝ ሰው ይጥፋ?» አሉ ተቆጥተው።

«ነግረንዎታል። ስልክ ቀይሩ አሉን።»

አዲሶቹን ቅጂዎች ኢንተርኔት ላይ ጭና ወደ ጤና ጣቢያው ደወለች። የሥራ ባልደረባዋ በዚያው በአሮጌ ስልኳ ከፈተችው፤ ክቧ አንዴ ዞረችና ትምህርቱ ጀመረ። እንግዲህ ይህ ነው ጥቅሙ፦ አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሠራው ሥራ፣ ትምህርቱን መንገዱ ወዳለቀበት ያደርሰዋል። ጥራት የሚባለውም እዚያ ሲታይ ነው፤ ማንም ያልከፈተው ቪዲዮ ቢጠራ ለማን ይጠቅማል?

«ያቺ ወላድስ?» አሉ አጎትየው ቀስ ብለው።

«ተርፋለች። ማህፀኗን ግን አውጥተውታል። የመጀመሪያ ልጇ ነበር።»

ትሪፖዱን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳቡና የቀሩትን ሠላሳ አንድ ትምህርቶች ከፈቱ።

«ከየትኛው እንጀምር?» አሏት።