ሰው የሌለበት መስኮት

ናይሮቢ ውስጥ ኢንተርኔት በደቂቃ አንድ ሽልንግ በሚሸጥበት ዘመን፣ ሱራፌል የሚባል አዲስ የኮምፒውተር ምሩቅ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ላለው ለእትዬ አስካለ ምግብ ቤት የድግስ ማዘዣ ድረ ገጽ ሠራ። አንድ ዓርብ ጠዋት ምስጋና ሊቀበል ጎራ ቢል፣ እትዬ አስካለ በድረ ገጹ የገባ ትእዛዝ የታተመበት ወረቀት አፍንጫው ሥር ደቀኑበት።

«ምን ጉድ ነው ይሄ? የመቶ ሰማንያ ሰው ተዝካር! ስም የለው፣ ስልክ የለው፣ ቀን የለው!»

ሱራፌል ክው አለ። «አይሆንም እትዬ! ባዶ ከተተወ ገጼ አያሳልፍም፤ እዚያው ‹ይሙሉ› ይላል።»

«እዚያው የት?» አሉ ጥግ ይዘው ሻይ የሚጠጡ እንግዳ ሽማግሌ።

«ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ነዋ፣ አባባ። ፋስት ነው፤ ትእዛዙን የሚቀበለውን ሰርቨራችንን አያደክምም።»

«እኔ አዲስ አበባ ቴሌግራም መቀበያ መስኮት ላይ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። የአንድ ባለሥልጣን ጸሐፊ አድራሻ የሌለው ወረቀት ይዞ መጥቶ ‹ቢሮአችን አይቶታል፣ ዝም ብለህ ላከው› አለኝ። እናንተ ማየታችሁ ደግ፣ የምቀበለው ግን እኔ ነኝ ብዬ መለስኩት። አንተ ዘበኛህን ሰው ቤት አቁመህ የራስህን በር ክፍት ትተሃል።»

ሱራፌል ዲግሪ ያለው ለሌለው እንደሚስቀው በትዕግሥት ሳቀ። «ዘበኛውን ማን ያባርረዋል፣ አባባ?»

«ፓርክላንድስ ሰፈር ያለው የኢንተርኔት ቤት። ባለቤቱ ቫይረስ ፈርቶ ኮምፒውተሮቹ ላይ የዘጋው ነገር እንዳለ ነግሮኛል።»

«ማጣሪያዬ የሚሠራበትን ነው የዘጋው! እርስዎ ግን በምን አወቁ?»

«የላክሁት እኔ ነኛ! ዘርኣጽዮን እባላለሁ። የባለቤቴ የብርነሽ አርባ ነገ ነው።»

የሱራፌል ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። እትዬ አስካለ አፋቸውን ያዙ።

«ዓይኔ ደክሟል፤ የጎደለ ካለ ይመልሱልኛል ብዬ ላክሁት። እኔ እመልስ ነበራ! ገጽህ ግን ‹በሚገባ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን› አለኝ። ዛሬ ለማረጋገጥ ባልመጣ፣ ነገ ያ ሁሉ ሰው ባዶ ትሪ ከቦ ይቀመጥ ነበር።»

«በእኔ ቤት? በሕይወቴ ቆሜ!» እትዬ አስካለ ወደ ማድ ቤት ሮጡ። «የፍስክ ነው አይደል?»

«የፍስክ።»

ሱራፌል ላፕቶፑን ከፈተ። «ተሸንፌያለሁ፣ አባባ። ደንበኛው ጋ ያለው ብራውዘርም ይይ፣ ቶሎ እንዲያውቅ። ከየትም ይምጣ ግን ሰርቨሩ እንደገና ያያል። ከጎደለ የተሞላውን ሳያጠፋ፣ የጎደለውን ነግሮ ይመልሳል።»

ሲጨርስ ሽማግሌው ለሙከራ ተቀመጡ። ስም፣ ስልክና ቀን በሚሉት ቦታዎች ክፍት ቦታ መምቻውን ሦስት ሦስቴ ብቻ መቱና ላኩ። «በሚገባ ደርሶናል» አለ ገጹ።

«በስመ አብ!» አለ ሱራፌል።

«እንዲህ ያለ ደንበኛም ነበረኝ» አሉ ጋሽ ዘርኣጽዮን።

ሱራፌል ላቡን ጠርጎ ያንንም ቀዳዳ ዘጋ። ሽማግሌው ደግመው ላኩ፤ ገጹ መለሰው፦ «ስምዎ፣ ስልክዎና ቀኑ አልተሞሉም።»

«አሁን መስኮቱ ላይ ሰው አለ» አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው፣ አንድ አንድ ፊደል እየፈለጉ ሙሉ ስማቸውን ጻፉ፤ ቀጥሎም ስልካቸውን፤ ቀጥሎም የነገዋን ቀን።