የቀበሮ መጥሪያ

ከኦሮራ ወደ ዳውንታውን በሚሄደው ባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ጎልማሶች በአማርኛ ያወራሉ።

«የቅዳሜው አደን እንዴት ነበር?»

«ተወው ባክህ። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር እርሻ ዳር በረዶ ላይ አድፍጠን ተኛን። እሱ እንደ ቆሰለ ጥንቸል የሚጮህ ስፒከር ከፈተ።»

«እሺ?»

«ካዮቲ የሚሉት ቀበሮ እየሮጠ መጣ። አንተ ተኩስ አለኝ።»

«ተኮስክ?»

«መጀመሪያ በስመ አብ አልኩ።»

«ጮክ ብለህ?»

«በግ ስናርድ እንደምንለው ነዋ። ካዮቲው ቀና ብሎ አየኝና ጠፋ።»

«ሰውየውስ?»

«ምን ብለህ ነው አለኝ። ጸሎት ነው አልኩት።»

«እና?»

«ለማን ነው የጸለይከው አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«እንጃ፣ የደረሰው ግን ለካዮቲው ነው አልኩት።»

ፓርክ ሂል ፌርማታ ደርሼ የሚያንሸራትተው በረዶ ላይ ልወርድ ስል፣ አፌ ላይ የመጣውን በስመ አብ በልቤ አልኩት።