አልረጋ ያለው ሳሙና

በረሃቡ ዘመን ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አጠገብ ባለው የስደተኞች ካምፕ፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ሳሙና ከዘይት እንዴት እንደሚሠራ ሳስረዳ አንዱ ተማሪዬ፣ "ጋሼ፣ ይኼ ካርቦን ካርቦን የምትለው ልጆቻችንን ከእከክ ያድናል ወይ?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔን ግን እልህ ያዘኝ። ጎረቤቴን እትዬ ዝማምን፣ ሙቀቱ ያበላሸባቸውን ዘይት ለመንኳቸው። "ቢሸትም ዘይት ነው፤ ካጠፋኸው አንላቀቅም" ብለው ሰጡኝ። የማሽላ አገዳ አመድ ዘፍዝፌ ውሃውን አጠለልኩና ከዘይቱ ጋር ስቀቅለው ዋልኩ። አልረጋ አለ፤ እንደ ሙቅ ተልፈሰፈሰ።

"ይኸው ንፍጥ አደረግኸው" አሉ እትዬ። "አገሬ ብሆን እንዶዴን ቀጥቅጬ አጥብ ነበር።"

ሊያይ የመጣው ያ የጠየቀኝ ተማሪ ግን ድስቱን እያየ "ለምንድን ነው የማይረጋው?" አለኝ። ያን ጊዜ ነቃሁ። "የአመድ ሳሙና ጠባዩ ነው፤ ጨው ነው የሚያጠነክረው" አልኩ። እትዬ እያጉረመረሙ ጨዋቸውን አመጡ። የፈላው ላይ ስበትነው ሳሙናው ከውሃው ተለይቶ እንደ እርጎ እየተቋጠረ ወደ ላይ ወጣ። አጥልለን አደረቅነው። እትዬ በመጀመሪያው ቁራጭ የልጅ ልጃቸውን አጠቡ፤ ልጅቷ ዓይኗ ብቻ እስኪቀር በአረፋ ተሸፈነች።

በማግስቱ ራኩባው ጠበበን። ከፊት የተቀመጡት እትዬ ዝማም ነበሩ።

"በል ልጄ" አሉኝ፣ "እንዶድስ ያለ ዘይት አረፋ የሚያወጣው ለምንድን ነው?"