ከቡሬ የመጣው የምሥራች

በኛ ጊዜማ፣ ልጄ፣ ሴት ማርገዟን ለማንም አታወራም፣ ሆዷ ራሱ እስኪናገር ዝም ነው፤ ዓይን አለ፣ ምላስ አለ። ኋላ ያንቺ ላቦራቶሪ መጣና ሽንት ምስክር ሆነ። አትሳቂ እንጂ። አንቺ እዚያ ስለምትሠሪ ነው ይህን የማጫውትሽ።

ይታክቱን አታውቂያትም፣ የልጄ የጌትነት ሚስት ነበረች። ባለሙያ፣ አፏ ቁጥብ፣ እንዴው ምን ይወጣላታል። ታዲያ ልጅ እምቢ አላት፣ እና ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠዋት ማታ «ዘር የሌለው ቤት ምን ቤት ነው፣ ወደ አባቷ ትሂድ» ይላል። አንድ ቀን ጠጋ ብላ «እማማ፣ የወር አበባዬ ቀረ መሰለኝ» አለችኝ። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እሱ ግን «መሰለኝ ብሎ ልጅ የለም፤ ቡሬ ሄዳ ትመርመር፣ ከሌለ ሽማግሌ እጠራለሁ» አለ።

ታዲያ ከተማ ላይ ወንድ በተሰለፈበት መሽናት ነውር ነው ብላ ሽንቱን ከቤት አዘጋጀች። ራሷ ይዛው ሰው ካየባት ደግሞ ዓይን ይበላዋል ብለን፣ ብልቃጡን ለመጨረሻ ልጄ ለሙሉ ሰጠናት፣ በደብተር ቦርሳዋ ከተተችው። ሙሉ ለዲያቆን ታጭታለች። የዲያቆን ሚስት ድንግል መሆን እንዳለባት መቼም ታውቂያለሽ።

እና ይታክቱ ገበያው ዳር ከዘመድ ጋር ሰላም ስትባባል፣ ሙሉ ቦርሳዋን ብታይ ብልቃጡ ተደፍቷል። ፈራች፤ ማንስ ቢሆን አይፈራም? «ሽንት ያው ሽንት ነው» ብላ ከአጥር ጀርባ ሄዳ የራሷን ሞላችበት። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች። ጤና ጣቢያ ደርሰው ብልቃጡን ሰጡ፤ የላቦራቶሪው ልጅም ቆይቶ ብቅ አለና «ይታክቱ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ አርግዘሻል» አላት። ይታክቱ መሬት ሳመች። ሙሉ ግን ዓመድ መሰለች፤ ሲመለሱ መንገድ ላይ እግሯ ሥር ወድቃ «እትዬ፣ ሽንቱ የኔ ነበር» አለቻት።

ይታክቱ እዚያች መንገድ ላይ ምን እንዳሰበች እግዜር ይወቀው። ምናልባት የኔም ይኖራል ብላ ይሆናል። ቤት ስትገባ «አርግዣለሁ» ነው ያለችው። ባለቤቴ በግ አረደ፣ እኔም እልል አልኩ፣ ሙሉ እህል አልቀምስም ብላ ተኛች፤ እኔማ ድካም ነው ብዬ።

ታዲያ የማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄድን፣ እኛ ስንገባ ይታክቱ ከቅጥሩ በር ውጭ ቀረች። የወር አበባ ያላት ሴት ናት እንግዲህ ከውጭ የምትቀረው። ዝም ብላ ብትገባ ማን ያውቅባት ነበር? ማርያምን ግን አልደፈረችም። ባለቤቴ አየ። እኔ «ጽንሱ ወርዶባት ይሆናል» ብለው አልሰማኝም፣ ሽማግሌ ሰብስቦ «በማርያም ማዪ፣ ሽንቱ ያንቺ ነበር?» አላት።

«አልነበረም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ቢሏት፣ ቢሏት፣ ስም አልጠራችም። «ቀጣፊ» ተባለች፣ እና ሽንዲ፣ አባቷ ቤት ተላከች። ጌትነትም ካባቱ ፊት አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

የሙሉ ሆድ ሲገፋ ነው ጉዱን የሰማሁት፤ አልቅሳ ነገረችኝ። ዲያቆኑም ቀረ።  ሽንዲ ድረስ ሄጄ «ይቅር በይን፣ ነይ ወደ ቤትሽ ግቢ» ብዬ ለመንኳት።

«እማማ፣ እርስዎን አልቀየምኩም» አለች። «ግን ከደጅ ስወጣ ጌትነት ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እንዴት አድርጌ እመለሳለሁ?»

እና ከወገቧ መቀነቷን ፈትታ ሰጠችኝ። «ለሙሉ ይስጡልኝ፣ ስትወልድ ወገቧን ትሰርበት። ለራሴ ቀን ብዬ ነበር የፈተልኩት።»

ልጄ፣ መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ሙሉም ስትወልድ በዚያው ነው ያሰርኳት። ሽንቱማ እውነቱን ነው የተናገረው፣ ምን አጠፋ።

«እማማ፣ ይታክቱስ ኋላ ወለደች?»

እኔ እንጃ ልጄ። በየት አፌ ልጠይቅ?