ልምድ ያላት መኪና

ቢያድግልኝ! ና እስቲ ወዲህ፣ ከፀሐዩ ውጣ። እንዴት ዋልህ? ባለቤትህ መነንስ ደኅና ናት? ያ ልጅ ኪዳን አደገ? ከሽንፋ እዚህ ሸሕዲ ድረስ በዚህ የመጋቢት ንዳድ... በል ተቀመጥ፣ ከርከዴው ቀዝቅዟል። በረዶ ልጨምርልህ? ሰሊጥህም እንዳለ ነው አሉኝ፤ ዋጋ እስኪወጣ ብለህ ከመጋዘን ንቅንቅ አላደረግኸውም። ጎሽ! የዓመት ልፋት እንዲህ ነው የሚያዝ።

አበልጅህንም አይቻቸዋለሁ። ያውልህ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ከርከዴያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ነጯም የኤሌክትሪክ መኪና ከጎናቸው ቆማለች። ሰሊጡን ሁሉ ሰጥተህ እሷን ልትወስድ ነው አሉ... ዛሬ ነው የምትፈራረሙት? እሰይ! ነዳጅ ፍለጋ መንከራተት ሳይኖር ከሽንፋ ሸሕዲ ሰው እያመላለስህ ልትኖር ነዋ። እኔማ ስለ እሳቸው ምን እላለሁ? ልጅህን ከቄሱ እጅ የተቀበሉ የክርስትና አባት! እኔ የማወራህ ስለ ሌላ ሰው ነው፤ አንተ አታውቀውም። ... ጮክ አልሁ እንዴ? መብራት ከጠፋ ወዲህ ይኸ ጀነሬተር ሲያጓራ እየዋለ ድምፄ ሳላውቀው ከፍ አለ። ይሰሙን ይሆን? ቢሰሙስ ምን ገዷቸው፣ ስለ እሳቸው አይደለም!

አንድ ሰው አለልህ። ስሙን ጥሪ ብትለኝ አልጠራም፤ ደግነቱን ግን አውርቼ አልጠግብም። እሱም መኪና ይሸጣል። የኤሌክትሪክ። ነጭ... አየህ ግጥምጥሞሹን? አዲስ አበባ ታክሲ ስትሠራ ኖራ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎሜትር ሄዳለች። ሌላ ሰው ቢሆን ቆጣሪውን ይደብቅ ነበር፤ እሱ ግን ቁጭ አድርጎ አሳየን። «አሮጌ አትበሏት፣ ልምድ ያላት ናት» አለ። እውነቱን እኮ ነው! እኔስ ብሆን? ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ እንጂ ልምዱማ ሞልቶኛል።

አሳቢነቱን ደግሞ ብታይ! ሊገዛ የመጣ ሰው አሳፍሮ እስከ መተማ ዮሐንስ ሲወስደው ማቀዝቀዣውን እንዳይከፍት ከለከለው አሉ። ለምን ይመስልሃል? ጉንፋን እንዳይዘው! እዚህ አገር ወባ እንዳይዝህ የሚልህ ሰው ታገኛለህ፤ በመጋቢት ጉንፋን እንዳይዝህ የሚሰጋልህ ግን ከየት ይመጣል? ባትሪዋ ቶሎ እንዳያልቅበት ነው ያሉም አሉ... የሰው ምላስ መቼም። ነዳጅ የሚባል አትቀምስም ይላል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ተከራይቶ ነው የሚሞላት። ጀነሬተሩ በምን እንደሚሠራ እኔን አትጠይቀኝ፤ እኔ ከርከዴ ሻጭ ነኝ።

ከሁሉ የደነቀኝ ግን ምን መሰለህ? ከጎንደር ተነሥቶ፣ አይከልን አልፎ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ እዚህ ሲደርስ ባትሪዋ ገና ከግማሽ በላይ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሩን ከፍቶ ለሁላችን አሳይቶናል። «ቁልቁለት ላይ ራሷን በራሷ ትሞላለች» ሲለን እልል ልንል ምንም አልቀረን። እኔም እኮ ቁልቁለት ላይ እሮጣለሁ፣ በዚህ ጉልበቴ! ሲመጣ ሁልጊዜ እየነዳት ነው። ሲመለስስ? እሱን ማንም አልጠየቀው። እኛ የቆላ ሰዎች የመጣልንን እናያለን እንጂ እንዴት እንደሚመለስ ምን አገባን?

የኔ ሥራ ግን መንገድ ዳር ሆነና... ዓይኔን ምን ላድርገው? ባለፈው ቅዳሜ ሾፌሩ ሰማኸኝ አይሱዙውን ይዞ ወደ ጎንደር ሲወጣ ውኃ ሊገዛ እዚችው ቆመ። ጭነቱ ሸራ ለብሷል። ሰሊጥ ነው ብዬ ዝም አልሁ። ኋላ ነፋሱ ሸራውን ገለጥ ሲያደርገው... ሰሊጥ መቼ ጎማ ኖሮት ያውቃል? ያ የነገርሁህ ሰው ደግሞ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ያንቀላፋል። አቤት ርኅራኄ! ዳገቱ እንዳያደክማት መኪናውን አሳዝሎ የሚያወጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ሰው ለሚስቱ እንኳ እንዲህ አያዝንም። የዚያን ለት ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ኋላ ግን መነን ትዝ አለችኝ፤ ክረምቱን ሙሉ ጎንበስ ብላ ያንን ሰሊጥ ስታርም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም... ውይ፣ መነንን ምን አመጣት? ስለ ሌላ ሰው አይደል የማወራህ! ዘንግቼ ነው።

አንተ መቼም አበልጅህን «ዳገት አውጥተው ያሳዩኝ» አትላቸውም። ነውር ነዋ! ክርስትና ያነሣልህ ሰው ይጠረጠራል? ስንት ዓመት የተከበረ ዝምድና በመኪና ይፈርሳል? ለዚህ እኮ ነው አንዳንዱ ሰው አበልጅ የሚያበዛ... ያንን ሌላውን ሰው ማለቴ ነው። ከዚህ እስከ ሽንፋ ክርስትና ያላነሣው ልጅ የለም። ልጅ ሲወድ!

«ልጅዎን ጎንደር ወስደው ያሳልሙልኝ» ማለት ግን ነውር የለውም። እንዲያውም ያስመርቃል። ነገ የመጋቢት መድኃኔዓለም አይደል? ኪዳንን አምጣው፣ አንተም መነንም ግቡ፣ ዛሬውኑ በመኪናዋ ይውሰዷችሁ። አትከብዷትም፣ ልምድ ያላት ናት። ዳገቱን ወጥታ ጎንደር ከገባች ሰሊጡን ያን ጊዜ ታስረክባለህ፤ እኔም በምቀኝነቴ አፍሬ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ምን ታጣለህ?

ምነው ተነሡ፣ ጌታዬ? ከርከዴዎን ሳይጨርሱ! ስልክ ነው? ማን ጋ ነው... ሰማኸኝ ጋ ነው እንዴ? አይ፣ ዛሬ እንኳን አይወጣልዎም። ሞተሩ ተፈትቶ ጋራዥ ተኝቷል፣ አይሱዙው።

ቢያድግልኝ፣ ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ? ተነሥና አበልጅህን ሸኛቸው እንጂ፤ እኔም ልመርቃቸው፣ አንተም አሜን በል። ይሂዱ ጌታዬ፣ በሰላም ይግቡ። ለልጆቻችን እንዳሰቡልን እግዚአብሔር ያስብልዎ። ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ። ዳገት የሚባል አያሳይዎ... ከዚህ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደርም እስከ ሰማይ ቤት፣ መንገድዎን ሁሉ ቁልቁለት ያድርግልዎ!