ስለ አራቱ የኒኬል ቫልቮችና በአስፋልት ስለተነዳው ሙክት

የምስክር ቃል

ስም፦ ወ/ሮ ዙልፋ እንድሪስ ሙሄ
ዕድሜ፦ 48
የትምህርት ደረጃ፦ 12ኛ ክፍል ያጠናቀቁ
ሥራ፦ በመርሳ በሚገኝ የሴቶች ሳሙና ማምረቻ ማኅበር የማፍያ ክፍል ኃላፊና የግዥ ኮሚቴ አባል
አድራሻ፦ ሰሜን ወሎ ዞን፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ኢንጂነር ሮማን አያሌው በቫልቭ ግዥ ጉቦ ተቀብላለች በሚል የቀረበ ጥቆማ
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ዋና ሳጅን ተስፋዬ በላቸው

እኔ ወ/ሮ ዙልፋ እንድሪስ መጥሪያ ሳይደርሰኝ በራሴ እግር መጥቼ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። የማኅበራችን ኢንጂነር የሆነችው ሮማን አያሌው ትናንት ከሥራ ቦታዋ ተወስዳ መታሰሯን ሰምቻለሁ። የታሰረችውም ውድ ቫልቭ እንድንገዛ አድርጋ በምትኩ ሙክት በግ ተቀብላለች ተብሎ እንደሆነ ተነግሮኛል። ሙክቱን የወሰድኩላት እኔ ነኝ። የገዛሁትም ከራሴ ቦርሳ ነው። ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ ስለማይገባ፣ ቢረዝምም ሳይቆረጥ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ማኅበራችን ሳሙና ያፈላል። ሳሙናው ሲወጣ ከሥር የሚቀረው ውሃ ኮስቲክ ሶዳና ጨው አለበት። እሱን ወንዝ ውስጥ አንደፋም፤ በሌላ ታንከር መልሰን አፍልተን፣ አወፍረን እንደገና እንሠራበታለን። በዚህ ታንከር ቧንቧ ላይ የነበሩት ቫልቮች፣ ማለትም መክፈቻና መዝጊያዎቹ፣ የነሐስ ነበሩ። ይህ የፈላ ነገር ነሐሱን እየመጠጠው መልኩ ቀላ፣ ሰውነቱም እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረከሰ። በግንቦት ወር የአንዱ እጀታ እጄ ላይ ተቆርጦ ቀርቶ፣ የፈላው ውሃ ወለሉን ሲያጥለቀልቀው ሁላችንም ዘለን ወጣን። አላህ ጠብቆን ሰው አልተጎዳም። የማኅበራችን ሊቀመንበር ወ/ሮ ባይነሽ የዚያን ዕለት ሥራ አስቁማ ኮሚቴውን ሰበሰበች።

በስብሰባው ኢንጂነር ሮማን ያቀረበችው ሐሳብ የኒኬል ቅይጥ ቫልቭ ይገዛ የሚል ነበር። «ቫልቭ የሚመረጠው በውስጡ በሚያልፈው ነገር ነው፤ ምን ያልፋል፣ ምን ያህል ይፈላል፣ ምን ተደባልቆበታል ብለን እንጠይቅ» አለች። ዋጋውን ስትነግረን ግን ሁላችንም ራሳችንን ያዝን። በአንዱ ዋጋ አምስት የስቴንለስ፣ ማለትም የማይዝግ ብረት፣ ቫልቭ ይገዛል። የስቴንለሱን የሚሸጠው ደግሞ የባለቤቴ የአቶ አብዱልሐሊም ታናሽ ወንድም ዓሪፍ ነው፤ ወልድያ ላይ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለው። ስለዚህ ከሁሉም በላይ ሮማንን የተቃወምኳት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም። የማኅበሩ ገንዘብ የእኔም ላብ ነው፤ ዓሪፍም ቤተሰቤ ነው።

ክርክሩ አላልቅ ሲል እኛ ሴቶቹ በራሳችን እንፈትን ብለን የዓሪፍን ቫልቭ በኮስቲክ በርሜል ውስጥ ነከርነው። ሰኔን በሙሉ ቆይቶ ሲወጣ እንደ ሙሽራ አምባር ያብረቀርቃል። እኔ ከፍ አድርጌ ይዤ ግቢውን ዞርኩበት። ሮማን ግን አልተናደደችም። «እትዬ ዙልፋ፣ በርሜሉ እኮ ቀዝቃዛ ነው። ሳሙና በቀዝቃዛ ያፈላሉ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሴቶቹ ሁሉ በእኔ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። እውነትም ጨውም አልጨመርንበት፣ እሳትም አላሳየነው።

ከዚያ ሮማን ሦስቱንም፣ ነሐሱን፣ ስቴንለሱንና ለናሙና የመጣውን ኒኬል፣ ብሎናቸውን በደንብ አጥብቃ በሽቦ አንጠልጥላ የሚፈላው ታንከር ውስጥ እንድናስገባቸው ጠየቀች። ዓሪፍም ተጠርቶ መጥቶ ነበር። እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አንቺ ልጅ፣ ያንቺ ኒኬል ካሸነፈ ወላሂ ሙክት እየነዳሁ ቤትሽ ድረስ እመጣለሁ» አልኩ። ዓሪፍ «እቴ ዙልፋ፣ ያ ሙክት ቢላዋ አያገኘውም፤ በእርጅና ነው የሚሞተው» ብሎ አሳቀን። ሮማን በበኩሏ ምንም አልተወራረደችም፤ ምንም ስጡኝም አላለችም። መሐላው የእኔ ብቻ ነው።

ቫልቮቹ ሐምሌንና ነሐሴን እዚያው ፈሉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባላት ሁሉ ባሉበት ወጡ። የነሐሱ ነገር አይወራም። ስቴንለሱ ግን ታጥቦ ሲታይ አሁንም ያበራል፤ እኔም እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሮማን «ትንሽ ይታገሱኝ» ብላ ቀይ ቀለም ቀባችው፣ ጠረገችው፣ ከዚያ ነጭ ዱቄት ነሰነሰችበት። ትንሽ ቆይቶ ከብሎኑ ሥር ቀጫጭን ቀይ መስመሮች፣ እጅ ላይ እንደሚሳል ሒና እየተቀጣጠሉ ወጡ። ስንጥቅ ነው። ዓይን የማያየው፣ ቀለሙ ገብቶበት ዱቄቱ መጥጦ ያወጣው ስንጥቅ። «ይኼ ቀስ ብሎ አይንጠባጠብም፤ አንድ ቀን ድንገት ነው የሚለቅባችሁ» አለች። ግንቦት ላይ የዘለልነው ሁሉ እግራችንን አየን። ኒኬሉም ያው ቀለም ተቀባ፣ ያው ዱቄት ተነሰነሰበት፤ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ወ/ሮ ባይነሽ እጅ አውጡ ስትል መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ዙልፋ ናት። ይህን ጻፉልኝ፤ መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ኢንጂነሯ ውድ የሆነውን ብዙ እንድንገዛ ገፋፍታ እንደሆነ ተጠይቄ፤ አልገፋፋችም፣ እንዲያውም ከለከለችን። እኛ ካመንን በኋላ ሁሉም ይቀየር ብለን ነበር። እሷ ግን ኒኬሉን ለሚፈላው ታንከር ብቻ አራት ይበቃል አለች። ለውሃውና ለቀዝቃዛው መስመር ከዓሪፍ ሱቅ ስቴንለስ ይገዛ ያለችው እሷው ናት፤ ተገዝቷልም። በረኪና በምንሠራበት ክፍልም ኒኬል እናድርግ ስላት «እሱን በረኪና ይበላዋል፤ እዚያ ፕላስቲክ ይሻላል» ብላ በርካሹ ገላገለችን። ከሻጩ የምትጠቀም ሰው ገዢውን ከደጅ አትመልስም።

ስለ ሙክቱ ተጠይቄ፤ ከመርሳ ገበያ መርጬ የገዛሁት ነው። መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ጣሪያ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭኜ ወልድያ ወደ ሮማን ቤተሰቦች ቤት ወሰድኩት። ቅዳሜን የመረጥኩት ጾም እንዳይሆንባቸው ነው። አርጄ ቤቴ ያልጋበዝኳት ለምን እንደሆነ ተጠይቄ፤ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሷ ክርስቲያን ናት፤ እኔ ያረድኩትን እሷ አትበላም፣ እነሱ ያረዱትንም እኔ አልበላም። ስለዚህ ሙክቱ በእግሩ መሄድ ነበረበት። ወልድያ ስደርስ ባጃጁ አልጭንም ስላለኝ አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ አስሬ በአስፋልቱ ነዳሁት።

ጥቆማ ሰጪው ሙክቱን በሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ አይቷል ተብሎ ሲነበብልኝ ሳቄን መቆጣጠር ስላቃተኝ ቃሉ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጧል። ያለፈው በድብቅ አይደለም። ያ ሱቅ የዓሪፍ ነው፤ በሩ ላይ ያቆምኩትም እኔ ነኝ። «ዓሪፍ፣ ና ውጣና እየው፤ ይኼ በእርጅና የሚሞተው ነው!» አልኩት። እሱም «ሂጂ ወዲያ፣ ሴትዮ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ጎረቤት ሱቆች ሁሉ ሰምተዋል፤ ይጠየቁ። ጉቦ እንዲህ በቀን፣ በሻሽ፣ በጩኸት አይሄድም።

ሮማን ሙክቱን ስታይ ደነገጠች። «እትዬ፣ እኔ ቀልድ መስሎኝ ነው፤ በሚያምኑት አላህ ይመልሱት፣ ሰው ምን ይለኛል?» አለች። እኔ «መሐላ አይመለስም፤ ሰው ያለውን ይበል» ብዬ ገመዱን ለእናቷ ሰጠኋቸው። እናቷ ሙዝና ለስላሳ አቅርበውልኝ፣ መርቀውኝ ተመለስኩ።

ይህ የሆነው የግዥው ውል ከመፈረሙ በፊት ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄ፤ አዎ በፊት ነው፤ ውሉ የተፈረመው መስከረም መጨረሻ ነው። ነገር ግን እጅ ያወጣነው ነሐሴ ላይ ነው። ከኒኬሉ ሻጭ ጋር በስልክ እንኳ ተነጋግሬ አላውቅም።

ዓሪፍ በቦታው ቢኖር ይህን ቃል ትደግሚዋለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፤ እደግመዋለሁ። የባሌ ወንድም ነው፤ ልጆቹን አዝያለሁ። ሆኖም የእሱን ሱቅ ስጠብቅ የሰው ልጅ እስር ቤት አልተውም። ባለቤቴም ዛሬ ጠዋት ስወጣ «ያየሽውን ተናገሪ» ነው ያለኝ።

አራቱ ቫልቮች ከጥቅምት ጀምሮ ተገጥመው እየሠሩ ነው። እኔ በየጠዋቱ በመዳፌ እዳብሳቸዋለሁ፤ ጠብታ የለም። ከደሴ ሊጎበኙ የመጡ ሰዎች ማን መረጠው ብለው ሲጠይቁኝ «እኛ» ብያለሁ። እኛ ስል እሷንም ጭምር ነው።

በመጨረሻም ለኢንጂነር ሮማን ዋስ መሆን እንደምፈልግ፣ ቤቴንም ለዚሁ እንደማስይዝ አመልክቻለሁ፤ ዋስትና የሚታየው በፍርድ ቤት መሆኑን መርማሪው አስረድተውኛል። ፍርድ ቤቱ ከዚህ በእግር የሚደረስ ስለሆነ ፈርሜ እንደወጣሁ ቀጥታ ወደዚያው እሄዳለሁ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ተነቦልኝ እኔ ያልኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ያላየሁትን አልጨመርኩም፣ ያየሁትን አልቀነስኩም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝና አውቄ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ዙልፋ እንድሪስ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ተስፋዬ በላቸው