ወንበራቸውን የሚለቁት እትዬ አስናቀች

ወዳጆቼ፣ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ላሳጥር። እትዬ አስናቀች፣ ሹልክ ብዬ እወጣለሁ ብለው እንዳያስቡ፤ በሩ ላይ ሰው አቁመናል።

እትዬ አስናቀች እዚህ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ፣ የአየር ጭነት ቢሯችን ሥራ የጀመሩ ዕለት የደረሱት ረፋዱ ላይ ነው። ላሠለጥናቸው የተመደብኩት እኔ ሥዩም ነበርኩ። በአንድ ዓመት ብቀድማቸው ነው እንግዲህ፣ አለቃ አለቃ ሸትቶኛል። ኮስተር ብዬ፣ «ምነው ዘገዩ?» አልኳቸው።

«የማታቱው ታክሲ ረዳት ገና ዛሬ ሥራ መጀመሩ ነው። ወራጅና ተሳፋሪ ተምታታበት፤ እስኪለምድ አብሬው ዞርኩ።»

«ስዋሂሊ ይችላሉ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ በምን አስተማሩት?»

«ሲሳሳት አሳልኩ። ገባው።»

በሳምንቱ ማን ማንን እንደሚያሠለጥን ጠፋኝ።

ያቺን ሳል የማያውቅ እዚህ አለ? ሰው ወንበሬ ተነካ ብሎ በሚጣላበት ዘመን፣ እትዬ አስናቀች አዲስ ሰው ሲመጣ የራሳቸውን ወንበር ለቀው ያስቀምጡታል። ከጀርባው እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። አምስተርዳም የሚሄደው ጽጌረዳ ሌላ አገር ሊበር ቢሆን እንኳ ኮምፒውተሩን አይነኩም። «እህም!» ብቻ። የመጀመሪያዋ «ደግመህ እየው» ናት። ሁለተኛዋን የሰማ አምላኩ ይድረስለት!

በሐምሌው ብርድ የእውነት ጉንፋን የያዛቸው ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ቢሮው በሙሉ የጨረሰውን ሥራ እንደገና ሲሠራ ዋለ። ራጃማ ትክክለኛውን አርሞ አርሞ በመጨረሻ አበላሸው። ራጃ፣ አትሳቅ፤ አንተው ነህ።

ቀልዱ ይቆየን። እትዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችን፣ የእኛንም የኬንያንም ልጆች፣ እዚሁ ሰብስበው ሲያስተምሩ ኖረዋል። እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ከዚያ ወንበር የተነሣን ነን። «ውለታዎን በምን እንመልስ?» ስንልዎ መልስዎ አንድ ነበር፦ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለሚመጣው ወንበር ልቀቁ።»

ባለፈው ሳምንት ግን ድምፅዎ ዝግ ብሎ፣ «ሥዩም፣ እኔ ስሄድ ቅዳሜ ሊቀር ነው?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ወዲያው ከቅዳሜ ልጆች አንዷ ለነበረችው፣ እዚሁ ናይሮቢ ላደገችው ፀደንያችን ነገርኳት።

«አንክል፣ ሃኩና ሺዳ፣ ምንም ችግር የለም!» አለችኝ። «የፊታችን ሳተርደይ እኔ እቆማለሁ። ከዚያ ተራ እናወጣለን።»

ተራው ወጥቷል፤ ቅዳሜ አልቀረም፣ እትዬ! ራጃም አለበት፣ እኔም አለሁበት። ሳሏን ግን ገና እየተለማመድን ነው።

በችኩልነታችን ተበሳጭተውብን ያውቁ ይሆናል፤ አንድም ቀን ግን አሳንሰው አላዩንም። እኔን ሰው ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። እናመሰግናለን፤ በጣም እንወድዎታለን።

በሉ፣ ብርጭቆ እናንሣ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ጡረታው የደስታ ይሁንልዎ። ቅዳሜ ብቅ ሲሉ ግን ከጀርባ መቆም ቀርቷል። ያን ቀን ወንበሩ የእርስዎ ነው፤ የምንቆመው እኛ ነን።

ለእትዬ አስናቀች! ከመጠጣታችን በፊት ግን፣ ሁላችንም ባንድ ላይ፦

እህም!